አሥራ አንድ ገጽ፦ አንድ ታሪክ ደጋግሞ የማንበብ ማስታወሻ

መስከረም 18

ዛሬ ጀመርኩ። አንድ አጭር ልብ ወለድ ይዤ እስከ ኅዳር አጋማሽ ከእሱ ጋር ልቆይ ነው። አንድ ብቻ። አሥራ አንድ ገጽ።

ለምን መሰላችሁ? አራት ዓመት ሙሉ ስጽፍ ቆይቻለሁ። ደብተሬ ውስጥ ያለቁ ሰባት ታሪኮች አሉ። ክረምት ላይ አንዱን ለአንድ መጽሔት ልኬ ነበር። የመጣልኝ መልስ አንድ መስመር ነው። «ታሪኩ ጥሩ ነው፤ ሰዎቹ ግን አይታዩም።» ሁለት ቀን ተናደድኩ። በሦስተኛው ቀን ታሪኬን ሌላ ሰው እንደጻፈው አድርጌ አነበብኩትና ዝም አልኩ። እውነት ነው፣ አይታዩም። ያዝናሉ፣ ይናፍቃሉ፣ ይቆጣሉ፤ እጃቸው የት እንዳለ፣ ምን ይዘው እንደቆሙ፣ እርስ በርስ እንዴት እንደሚጠራሩ ግን የለም።

የማላነብ ሰው ደግሞ አይደለሁም። በወር ሦስት መጽሐፍ እጨርሳለሁ። ችግሩ እዚያው «እጨርሳለሁ» የምለው ላይ ነው። ባለፈው ወር ካነበብኩት መጽሐፍ አንድ ዓረፍተ ነገር ጥሪ ብባል የሚመጣልኝ የለም። የምሠራው ባሕር ዳር ውስጥ ፔዳ አካባቢ ባለ ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት ነው። ቀኑን ሙሉ የሰው ጽሑፍ እተይባለሁ፤ የመመረቂያ ጥናት፣ ማመልከቻ፣ የኪራይ ውል። ዓይኔ ያያል፣ ጣቴ ይመታል፣ ውስጤ የሚቀር ነገር የለም። ልብ ወለድም የማነበው በዚሁ ዓይን እንዳይሆን ብዬ ፈራሁ።

መጽሐፉን መንገድ ዳር አሮጌ መጻሕፍት ከሚዘረጋ ልጅ በ80 ብር ገዛሁት። ሽፋኑም የመጀመሪያ ገጾቹም የሉም። ማን እንደጻፈው አላውቅም። እንዲያውም ደስ አለኝ። የታወቀ ስም ቢሆን ኖሮ ገና ሳልከፍተው አድናቆቴን አዘጋጅቼ እጠብቀው ነበር።

መስከረም 19

የመጀመሪያው ንባብ። ያለ እርሳስ፣ ያለ ደብተር፣ ስልኬን ቤት ትቼ።

ሐይቁ ዳር ሄጄ አንድ ዛፍ ሥር ተቀመጥኩ። ክረምቱ ገና መውጣቱ ስለሆነ ጣና ጢም ብሎ ሞልቷል፣ ውኃውም ደፍርሷል። ታሪኩን ለመጨረስ ግማሽ ሰዓት አልፈጀብኝም።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ሽማግሌ ገበሬ ሁለት በሬ ነበረው። አንዱ ሞተበት። ጥማድ ከተሰበረ የቀረው ብቻውን አያርስምና ሊሸጠው ገበያ ይነዳዋል። ይሸጠዋል። ይመለሳል። ሚስቱ እራት አቅርባ ትጠብቀዋለች። አለቀ። ሌላ ምንም የለም። ግን ገመዱን ከበሬው አንገት የፈታበት ቦታ ላይ ስደርስ ጉሮሮዬ ተዘጋ። «አዘነ» የሚል ቃል እንኳ እዚያ ገጽ ላይ የለም። ታዲያ እኔን ምን አሳዘነኝ? የሚቀጥሉት ሳምንታት ሥራ ይህችን ጥያቄ መመለስ ነው።

መስከረም 22

በእርሳስ አነበብኩ። ደንቡ ቀላል ነው። ዓይኔ የዘገየበት ቦታ ነጥብ፣ ዘልዬ ያለፍኩበት ቦታ ሰረዝ። ምክንያት መጻፍ ክልክል። ምክንያት መጻፍ ከጀመርኩ ብልህ ለመምሰል ስሞክር እውነተኛው ስሜት ያመልጠኛል።

ውጤት፦ 14 ነጥብ፣ 3 ሰረዝ። ሦስቱም የዘለልኳቸው ቦታዎች ደራሲው ቆም ብሎ ስለ ገበሬ ኑሮ የሚያስረዳባቸው ናቸው። ጎበዝ ደራሲም ይሰለቻል ማለት ነው። ይህን ማወቄ አቅም ሰጠኝ። ነጥቦቹ ደግሞ አብዛኞቹ የተሰበሰቡት አንድ ነገር ላይ ነው፤ ሰውየው በእጁ የሆነ ነገር በሚያደርግባቸው ቦታዎች። ገመድ ሲያጥፍ። የበሬውን ግንባር ሲያክክ። ከጫማው ላይ ጭቃ በእንጨት ሲፍቅ።

መስከረም 26

ዛሬ ሁለት ገጽ በእጄ ገለበጥኩ። ኮምፒውተር ላይ ሳይሆን በእስክሪብቶ፤ ስተይብ ምን እንደምሆን አውቀዋለሁና። አንድ ሰዓት ከሩብ ፈጀብኝ። ጣቴ ዛለ። ዋጋው ግን እስከዛሬ ካነበብኩት የጽሑፍ ምክር ሁሉ ይበልጣል። ይህችን ዓረፍተ ነገር እዩልኝ።

«ገመዱን ከበሬው አንገት ፈትቶ፣ ሁለት ጊዜ አጥፎ፣ ትከሻው ላይ ጣለና ገንዘቡን ሳይቆጥር ተመለሰ።»

ስገለብጥ እያንዳንዱ ቃል ጋ መቆም ግድ ነው። ፈትቶ። ቀጥሎ ምን ይመጣል? አጥፎ። ከዚያስ? ጣለና። እጄ እየሄደ እኔ እጠብቃለሁ። አማርኛ ግሡን መጨረሻ ላይ ስለሚያስቀምጥ አንባቢው እስከ አራት ነጥቡ ድረስ እጁ ባዶ ነው፤ ደራሲው ይህን አውቆ ነው «ገንዘቡን ሳይቆጥር» የምትለውን «ተመለሰ» አጠገብ የከተታት። ገበያ ላይ በሬ ሸጦ ብሩን የማይቆጥር ገበሬ ማን አይቷል? ሐዘኑ ያለው እዚያ ነው። «አዘነ» ሳይል፣ ሰው ሁሉ የሚያደርገውን ነገር ሰውየው እንዳላደረገ ነገረን፣ በቃ።

ከዚያ የራሴን አወጣሁ። ከሰባቱ ታሪኮች አንዱ ውስጥ አባት ልጁን መናኸሪያ ሸኝቶ ይመለሳል። የጻፍኩት ይህን ነው፦ «አባትየው በጣም አዝኖ ነበር። ልቡ ተሰብሮ ነበር። ወደ ቤቱም ሄደ።» ሦስት ዓረፍተ ነገር፣ አንድም የሚታይ ነገር የለም። ተናድጄ የታሪኩን «ነበር» ሁሉ ቆጠርኩ። በአራት ገጽ 61። ከገለበጥኳቸው ሁለት ገጾች ውስጥ ያለው «ነበር» አምስት ነው። «ነበር» መጥፎ ቃል ነው እያልኩ አይደለም። እኔ ግን ዓረፍተ ነገሬ በምን እንደሚያልቅ ሳላስብ የምደፍነው በእሱ ነው።

መስከረም 30

መብራት ጠፋ። በሻማ ጮክ ብዬ አነበብኩ።

ጮክ ብሎ ማንበብ ሌላ ዓለም ነው። ፊደላችን ማጥበቅና ማላላትን አያሳይም። በዓይን ስናነብ ልዩነቱን ሳንወስን እናልፋለን፤ አፍ ግን ሳይወስን አያልፍም። ገበያው ላይ አንድ ነጋዴ የበሬውን ጎን እየዳበሰ «ይበላል?» ብሎ ይጠይቃል። ሽማግሌው «ይበላል» ብሎ ይመልሳል። ሦስት ጊዜ ሳነበው ምንም አልታየኝም። ዛሬ ድምፅ ላወጣ ስል አፌ ቆመ። «በ»ን ሳላላት በሬው ሣር ይበላል፣ ጤነኛ ነው። ሳጠብቃት በሬው ራሱ ይበላል። ሰውየው የመለሰው የትኛውን ነው? ነጋዴውስ የጠየቀው የትኛውን ነው? ገዢው ሥጋ ሻጭ መሆኑ የሚነገረን ገጽ አልፎ ነው! ሁለት ሰዎች አንድ ቃል እየተቀባበሉ የተለያየ ነገር ሲነጋገሩ ሰማሁ።

ሻማዬን ይዤ ብድግ ብዬ ቆምኩ። ለማን ልንገር? ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ነበር።

ጥቅምት 1

ነጋ አልነጋ ብዬ ለየኔታ ነገርኳቸው። የኔታ ግቢያችን ውስጥ በስተጓሮ ያለችውን ክፍል የተከራዩ ሽማግሌ ናቸው። ቅኔውን በጎጃም ቅኔ ቤቶች ተምረው፣ ትርጓሜ ቤት ደግሞ ዓመታት ከርመዋል። ዛሬ ዓይናቸው ደክሟል፤ ጠዋት ጠዋት ፀሐይ ላይ ተቀምጠው በቃላቸው ይደግማሉ።

ገጹን ሁለት ጊዜ አነበብኩላቸው። ፈገግ አሉ።

«ታዲያ ይህ ምን ያስደንቅሻል፣ ልጄ? ሰምና ወርቅ ነው።»

«የኔታ፣ እኔ እኮ ሦስት ጊዜ አንብቤው አላየሁትም።»

«አንዴ ብቻ ነዋ ያነበብሽው። ሦስቴም ያው ነው። ትርጓሜ ቤት አንዱን ቃል ይዘን ‹አንድም› ስንል፣ ደግሞ ‹አንድም› ስንል ይመሻል። እስቲ አንቺም ‹አንድም› በይው።»

ይህን ብለው ወደ ድግማቸው ተመለሱ። እኔ በባጃጅ ወደ ሥራ እየሄድኩ መንገዱን ሁሉ ሳብሰለስል ነበር። የአንድምታ ትርጓሜ ማለት ይኸው አይደል? ንባቡን ይጠራል፣ ይተረጉማል፣ ከዚያ «አንድም» ብሎ ሌላ ፍቺ ያመጣል፣ ደግሞ «አንድም»። በዚህ አገር ሰው ስንት መቶ ዓመት እርሳስ ሳይዝ እንዲህ በንቃት ሲያነብ ኖሯል። እኔ ዘዴውን የሩቅ አገር ሰው እስኪያስተምረኝ ስጠብቅ፣ ከጓሮዬ ፀሐይ ይሞቃል።

ጥቅምት 4

የአንድም ደብተር ከፈትኩ። በስተግራ ዓረፍተ ነገሩ። በስተቀኝ መጀመሪያ የሚለውን በግልጽ፣ ከዚያ «አንድም» ብዬ ሌላ ምን እየሠራ እንደሆነ። ለምሳሌ፦

«ጫማውን ከበር ውጭ አወለቀ።» ጫማው ጭቃ ስለነካው ነው። አንድም፣ ከሚስቱ ጋር ለመገናኘት ትንሽ ጊዜ እየገዛ ነው። አንድም፣ ደራሲው እኛን በሩ ላይ ሊያቆመን ፈልጓል፤ ውስጥ ያለችውን ሴት ከማየታችን በፊት ድምፅዋን እንድንሰማ።

ሦስተኛዋ ለእኔ ትልቋ ናት። የገጸ ባሕርዩ ምክንያት አለ፣ የደራሲው ምክንያት ደግሞ ለብቻው አለ። እስከዛሬ አንባቢ ሆኜ የጠየቅሁት «ሰውየው ለምን ጫማውን አወለቀ?» ብቻ ነው። ሊጽፍ የሚፈልግ ሰው ግን «ደራሲው ሰውየውን ለምን ጫማ አስወለቀው? እዚህ ቦታስ ለምን?» ማለት አለበት።

ጥቅምት 10

ምንም አልሠራሁም። ሥራ ቦታ ሰው ተደራርቦ ሰነበተ፣ ማታ ማታ ዓይኔ ይቀላል። ደብተሩን ከፍቼ ዘጋሁት።

ጥቅምት 12

ሥራ ላይ ሆኜ ግን አንድ ነገር ሆነ። አንዲት እናት ማመልከቻ ላጽፍ ብላ መጣች። የምታወራውን ወደ ማመልከቻ ቋንቋ መቀየር የዘወትር ሥራዬ ነው፤ «ስለሆነም» «በመሆኑም» እያልኩ እደረድረዋለሁ። ዛሬ እየሰማኋት ሳለ ልብ አልኩ። ስለ መሬቷ ስትናገር ድምፅዋ አይለወጥም፣ አጥሩ ጋ ስትደርስ ግን ቀስ ትላለች። አጥሩን ያጠረው የሞተው ባሏ ኖሯል። ይህን ማመልከቻው ውስጥ አላስገባሁትም፤ ቦታው አይደለም። እሷ ከሄደች በኋላ በአንድም ደብተሬ ጻፍኩት። ነጥብ ማድረግ ለካ ለመጽሐፍ ብቻ አይደለም።

ጥቅምት 15

የኔታ ገሠጹኝ። ደብተሩን አነበብኩላቸው። «አንድም» ብዛቱ! የበሬው ቀለም ጥቁር መሆኑ አንድም ሞት ነው፣ አንድም ሌሊት ነው፣ አንድም የአገር ሁኔታ ነው ብያለሁ። ዝም ብለው ሰሙኝና «በሬው ጥቁር ነው አለ?» አሉ።

«አዎ፣ የኔታ።»

«እንግዲያ ጥቁር ነው። ሰሙን ሳታጠሪ ወርቅ አታፍሺ። አንጥረኛ እንኳ መጀመሪያ ሰሙን በወጉ ይቀርጻል፤ ሰሙ ከተበላሸ ወርቁ ምን መልክ ይይዛል?»

ደንብ ጨመርኩ። ለአንድ «አንድም» ከራሱ ከታሪኩ ሌላ ቦታ ማስረጃ ካላመጣሁ ይሰረዛል። በዚህ ደንብ ከ40 በላይ የሚሆኑት ወደቁ። «ይበላል» ቆመች፤ ሥጋ ሻጩ አለላት። ጫማው ቆመ፤ ሚስትየው ለመጀመሪያ ጊዜ የምትሰማው በበሩ በኩል ነውና። የበሬው ጥቁረት ወደቀ።

ጥቅምት 17

መጽሐፉን ዘግቼ የገበያውን ክፍል ከትዝታ ጻፍኩት። ከዚያ አነጻጸርኩ። የእኔ ሁለት ገጽ ሆነ። የእሱ ከግማሽ ገጽ ብዙም አይበልጥም።

የጨመርኩትን አየሁ። አብዛኛው የዋጋ ክርክር ነው። ይህን ያህል አለ፣ ያን ያህል አለው፣ ተጨማሪ ጠየቀ፣ እጅ ተመታ። ወደ መጽሐፉ ተመልሼ ዋጋውን ፈለግሁ። የለም! አሥራ አንዱም ገጽ ውስጥ በሬው በስንት እንደተሸጠ አልተነገረም። እኔ ግን አንብቤዋለሁ ብዬ እምል ነበር። ደራሲው ባዶ የተወውን ቦታ ጭንቅላቴ ራሱ ሞልቶታል ማለት ነው። ገንዘቡን ሳይቆጥር የተመለሰ ሰው ታሪክ ውስጥ ቁጥር ቢገባ ምን ይሆን ነበር? አንባቢው ሒሳብ ይጀምራል። ረክሷል ተወዷል ይላል። በሬው ይረሳል።

ማታ ጓደኛዬ ቡና ልትጠጣ መጣች። ደብተሬን አይታ «አንቺ፣ እንዲህ እየበተንሽው ጣዕሙ አይጠፋብሽም ወይ?» አለችኝ። ጥያቄዋ ያሳስባል። እውነቱን ለመናገር አምስተኛው ንባብ ላይ ጠፍቶብኝ ነበር፤ በሬ የሚለውን ቃል ማየት አስጠልቶኝ ነበር። ተመልሶ የመጣው ጮክ ብዬ ሳነብ ነው። ደግሞ ቅዳሜ ቅዳሜ ሌላ መጽሐፍ ያለ እርሳስ አነባለሁ፣ ልቤ እንደወደደ፣ እየተኛሁም ቢሆን። ያኛው ንባብ እንዳይሞትብኝ እፈልጋለሁ። መጀመሪያ ወደ መጻፍ ያመጣኝ እሱ ነው።

ጥቅምት 21

ዛሬ ያገኘሁት ከሁሉም ይበልጣል።

ሙከራው ታሪኩን በሚስቲቱ አፍ እንደገና መጻፍ ነበር። «እኔ» ብላ እንድትናገር። ጀመርኩ፤ ጠዋት ስትሸኘው፣ ቀኑን ስትጠብቅ፣ ማታ በሩን ስትከፍት። እያንዳንዱን ንግግሯን ከመጽሐፉ እያየሁ ስገለብጥ አንድ ነገር ዓይኔ ውስጥ ገባ። ጠዋት «ስንቅዎን ይዘዋል?» ትላለች። በሩ ላይ «መጡ?» ትላለች። የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ላይ፣ እሱ ባዶውን ገመድ እንጨቱ ላይ ሰቅሎ ዝም ብሎ ሲቆም፣ «ና፣ ብላ» ትለዋለች።

ና። ብላ።

ዕድሜ ልኳን አንቱ ያለችውን ባሏን አንተ አለችው። ደራሲው አንድ ቃል አልጨመረም፤ «በርኅራኄ አለችው» አላለም፣ «ለመጀመሪያ ጊዜ» አላለም። ግሡን ብቻ ቀየረ። ስንት ጊዜ አነበብኩት! አንድ ጊዜም አላየሁትም፤ ግን በመጀመሪያው ቀን መጽሐፉን ስዘጋ ደረቴ ውስጥ የቀረው ሙቀት ከዚህ የመጣ ይመስለኛል። ሳናውቀው የሚሠራብን ነገር አለ።

አያቴ አያቴን አንቱ እያለች ነው የኖረችው። እርሱ ታሞ የተኛ ጊዜ፣ እኔ ትንሽ ልጅ ሆኜ መጋረጃው ጀርባ ቁጭ ብዬ፣ «አይዞህ» ስትለው ሰምቻለሁ። አንድ ጊዜ ብቻ። ያኔ የገባኝ የሆነ ነገር እንደተለወጠ ብቻ ነው። ይህን ሃያ ዓመት ይዤው ኖርኩ፣ ሰባት ታሪክ ጻፍኩ፣ አንዱም ውስጥ አላስገባሁትም።

ደግሞ ተራኪውን አየሁ። ገበያተኛው ሽማግሌውን «አባባ» ይለዋል፣ አንቱ ይለዋል። ሚስቱም አንቱ። ተራኪው ግን ከመጀመሪያው መስመር ጀምሮ «እሱ» ነው የሚለው፤ ፈታ፣ አጠፈ፣ ተመለሰ። እኔ ብሆን «ፈቱ፣ አጠፉ» ብዬ አከብራቸው ነበር። እሱ በመባሉ ምን ሆነ? እኛ አንባቢዎች አሥራ አንድ ገጽ ሙሉ ከሰውየው ጋር ማንም ያልቀረበውን ያህል ተቃርበን ነበር። ሚስቱ መጨረሻ ላይ «ና» ስትል እኛ ወደቆምንበት ቦታ መጣች። ለዚህ ምንም ዓይነት «አንድም» አያስፈልገውም፣ ማስረጃው በየመስመሩ ላይ ነው።

ሌሊቱን ሰባቱንም ታሪኮቼን አገላበጥኩ። ሰው ሁሉ አንተ እና አንቺ ይባባላል። ልጅ አባቱን፣ ተማሪ መምህሩን፣ ቀጣሪ ተቀጣሪውን። ሰዎቹ የማይታዩት ለካ አንዱ በዚህ ነው። እኛ አገር ሁለት ሰዎች ማን እንደሆኑ ገና በመጀመሪያው ግሥ ይታወቃል። እኔ ያንን መሣሪያ ጥዬ «ያከብረው ነበር» እያልኩ አስረዳለሁ።

ጥቅምት 25

ሐይቁ ዳር። ሰማዩ ጠርቷል፣ ዘጌ ፊት ለፊት ይታያል፤ ደኑ ውኃው ላይ እንደተጋደመ ጥቁር መስመር። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ የተወለዱት እዚያ ነው። በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ ያሳተሙት፣ ዛሬ «ጦቢያ» ብለን የምናውቀውና የአማርኛ የመጀመሪያው ልብ ወለድ የሚባለው መጽሐፍ ሽፋኑ ላይ የነበረው ርዕስ «ልብ ወለድ ታሪክ» ነው። አንድ መጽሐፍ ርዕሱን ለዘርፉ ሁሉ ሰጠ። እኛ ዛሬ «ልብ ወለድ እጽፋለሁ» ስንል ቃሉ ከዚያ ማዶ ሰው እጅ የወጣ ነው።

ቃሉን ራሱን አንድም ልለው ሞከርኩ። ልብ የወለደው። እኔ አራት ዓመት የተረዳሁት «ከስሜት የፈለቀ» ብዬ ነው፤ ስለዚህ ስሜት እጽፍ ነበር። ግን አማርኛ ውስጥ ልብ ማሰቢያም ነው። ልብ አለ፣ ልብ ገዛ፣ ልብ አድርግ እንላለን። ልብ ያላለ ልብ ምን ይወልዳል?

ኅዳር 2

አሁን የራሴ ተራ ነው። የታሪኩን አጥንት ልወስድ ነው፤ አንድ ሰው፣ አንድ የእጅ ሥራ፣ አንድ የማይነገር ነገር። ቃሉንም ሰውየውንም አልነካም። የእኔ ሰው ታንኳ ሠሪ ነው።

ከሥራ በፊት ከ12 ሰዓት ተኩል ጀምሮ ዳር ላይ ነኝ። ታንኳ የሚሠራበትን የሐይቅ ዳር ተክል፣ ደንገል የሚያስሩ አንድ አባት አሉ። አስፈቅጄ ተቀመጥኩ። «አባባ፣ ዝም ብዬ ልይ?» አልኳቸው። «እይ» አሉኝ፣ ቀና ሳይሉ።

ያየሁት፦ አንድ አዲስ ታንኳ፣ ገና ቢጫ። አንድ አሮጌ፣ ጠቁሮ ውኃ የጠጣ፣ እንዲደርቅ ዛፍ ላይ የቆመ። ደንገል ውኃ ይመጥጣል፤ ስለዚህ ታንኳ ወራት እንጂ ዓመታት አይኖርም፤ በየጊዜው ወጥቶ ካልደረቀ ደግሞ ከዚያም ያንሳል። ሰውየው ጉልበታቸውን እስሩ ላይ ተክለው ሲስቡ ደንገሉ ሲጥ ይላል። ሲጥ ሲል ያቆማሉ። መጥበቁን የሚያውቁት በጆሮ ነው።

ኅዳር 5

የመጀመሪያው ረቂቅ። «ሽማግሌው ታታሪ ነበር። ሥራውን ይወድ ነበር።» እጄ በልማዱ ጻፈው። ሰረዝኩት። ሁለተኛው፦ «ጉልበቱን እስሩ ላይ ተክሎ፣ እስትንፋሱን ይዞ ሳበ። ደንገሉ ሲጥ አለ። አንድ ጊዜ ደገመው፤ ዝም ብሎ አዳመጠ።» ይሻላል። ዳር ላይ አንቱ የምላቸውን ሰው ወረቀት ላይ «እሱ» ማለት ከብዶኝ ነበር። ሦስት መስመር ላይ በአንቱታ ጻፍኩት፤ ሰውየው ራቀኝ። ወደ «እሱ» መለስኩት።

የማይነገረው ነገር ደግሞ ልጁ ነው። ከዚህ ቀደም አብሮት ያስር የነበረ፣ ዛሬ የሌለ። የት እንደሄደ አልጽፍም። እስሩን ከወዲያ በኩል የሚይዝለት ሰው ስለሌለ በድንጋይ ይጫነዋል። ድንጋዩን ብቻ ነው የጻፍኩት።

ኅዳር 12

ኅዳር ሲታጠን። ሰፈሩ ሁሉ ጭስ ነው። ቆሻሻው በየደጁ ተጠርጎ ይነዳል፤ በ1911 ዓ.ም. ሰው ከፈጀው የኅዳር በሽታ ጋር አያይዘው ትልልቆቹ ይነግሩናል። የሰባቱን ታሪኮች የድሮ ቅጂ ከእሳቱ ልጨምር አስቤ ተውኩት። «ነበር» የምቆጥርበት ያስፈልገኛል።

ጭሱ ሲቀንስ የታንኳውን ታሪክ ለየኔታ አነበብኩላቸው። አራት ገጽ ናት። ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙ። ድንጋዩ ጋ ስደርስ ጣታቸው መቋሚያው ላይ ቆመ። እኔም ነጥብ አደረግሁ፣ በልቤ።

ጨርሼ ጠበቅኩ። ብዙ ቆይተው፦

«ልጁ ሞቷል ወይስ ሄዷል?»

«አልተጻፈም፣ የኔታ።»

«ደግ። አይጻፍ።» ደግሞ ዝም አሉ። «ግን ያ ሰው የሚያስረው በምንድን ነው?»

«በገመድ።»

«ገመድ ሁሉ አንድ ነው? በሬ የሚጎተትበትም ገመድ፣ ታንኳ የሚታሰርበትም ገመድ? ከምን የተገመደ ነው? እነሱስ ምን ብለው ይጠሩታል?»

አላውቅም አልኳቸው። አሥር ቀን ሙሉ እጃቸውን ሳይ ከርሜ የያዙትን ነገር ስም አልጠየቅኩም። ደብተሬ ላይ «ገመድ» የምትለዋን አምስቱንም ቦታ አከበብኳቸው። ነገ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ዳር እገኛለሁ።